ኮምቦልቻ ላይ የሺቫራትሪ ጾምና ሌሊት፦ ወጥ ቤቱ ምን ያዘጋጅ?

ቦርከና ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ኮምቦልቻ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ነው የማስተዳድረው። ቅዳሜ የካቲት 27 ቀን 2019 ዓ.ም. 8 ሕንዳውያን እንግዶች ማሃ ሺቫራትሪን (ለሺቫ አምላካቸው የሚያከብሩትን የሂንዱ በዓል) ጾመው ሌሊቱን ሳይተኙ ሊያድሩ ትንሹን አዳራሽ ይዘዋል። 2ቱ ውሃም አንቀምስም ብለዋል። 6ቱ "ቀለል ያለ የጾም ምግብ" ከማለት ውጪ ዝርዝር አልሰጡኝም።

እኔ ያሰብኩት የጾም በያይነቱ ነው፤ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጥቅል ጎመን፣ ድንች በእርድ። ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ቡና ከፈንድሻና ከቆሎ ጋር። ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤና ማርም ይዘጋጅልን ብለዋል፤ ጾም ላይ ሆነው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ቀኑ ረመዳን ውስጥ ስለሚውል ወጥ ቤት ያሉት ልጆችም ጾመኞች ናቸው። በስንት ሰዓት ምን መቅረብ እንዳለበት የምታውቁ ብትነግሩኝ።

ቅመም ተራ

አብሽሪ እህቴ፣ ጊዜ አለሽ። ዝርዝሩን ግን ቅደጂው። ከጻፍሽው ውስጥ የሚተርፈው ድንቹ ነው፣ እሱም ያለ እርድ።

በክርስቲያኑ ጾም ሥጋና ወተት ይወጣል፣ እህልና ጥራጥሬ ማዕዱን ይሞላዋል። በሺቫራትሪ የሚወጣው እህሉና ጥራጥሬው ነው። ወተት፣ እርጎ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ፍራፍሬ፣ ድንች፣ ስኳር ድንችና ኦቾሎኒ ይበላል። ስለዚህ ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ሩዙ ሁሉም ጾሙን ያፈርሳል። ፈንድሻ በቆሎ ነው፣ ቆሎውም ገብስ፤ ሁለቱም ይቅሩ። ከቡናው ጋር የተቆላ ኦቾሎኒ አቅርቢ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በጭራሽ አይገቡም። ጎመኑን አንዳንዱ ይበላል፣ አንዳንዱ አይበላም፤ ብትተዪው ይሻላል።

ብዙ ወጥ ቤት የሚሳሳተው በዋናው ምግብ ሳይሆን በማጣፈጫው ነው። በርበሬያችን ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ተፈጭቶ ገብቷል። የወጥ ቅቤያችን ሲነጠር እርድ፣ አብሽ፣ ብዙ ጊዜም ሽንኩርት ይገባበታል። ድንቹን በእሱ ብትጠብሺው ከላይ ምንም ሳይታይ ጾሙ ፈርሷል ማለት ነው። ለጋ ቅቤ ገዝተሽ ያለ ምንም ቅመም ለብቻው አንጥሪ፤ በቀስታ እሳት አረፋውን እየገፈፍሽ፣ ሥሩ ላይ ያረፈው አተላ ወርቃማ ሲሆን አውርጂና በንጹሕ ጨርቅ አጥልዪው። 1 ኪሎ ለጋ ቅቤ ሲነጠር ከሩብ ያላነሰ ሊጎድል እንደሚችል አስቢ። ገበያ ላይ ሙዝ ወይም የአትክልት ቅባት የተደባለቀበትም ስለማይጠፋ ከምታውቂያት ሴት ግዢ።

ለማጣፈጫ ከሙን፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያና ሎሚ ይበቁሻል። እርድ በብዙ ቤት አይገባም።

ጨው ሌላ ጉዳይ ነው። በዚህ ጾም የሚጠቀሙት ሴንዳ ናማክ የሚሉትን፣ ከምድር እንደ ድንጋይ ተቆፍሮ የሚወጣውን ጨው ነው። ሱቅ ላይ የምናገኘው በአብዛኛው ከአፍዴራ ሐይቅ ውሃ ተተንኖ አዮዲን የተጨመረበት ነው፤ እሱን አይቀበሉም። ቀላሉ መንገድ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን ሮዝ የድንጋይ ጨው ማስመጣት ነው። ካልሆነ ከአፋር የሚመጣውን አሞሌ አሳያቸውና ራሳቸው ይወስኑ። ከተቀበሉት አፈር አያጣውምና ፈጭተሽ በውሃ በጥብጪ፣ ያልሟሟ ጨው ሥሩ ላይ እስኪቀር ድረስ ጨምሪ፣ አሳድሪና ከላይ ያለውን ጥሩ ውሃ በሻሽ አጥልዪ። 4 የሻይ ማንኪያ የዚህ ውሃ ከ1 የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ይቀራረባል።

ልኬቱን የማጠብቀው በምክንያት ነው። ለአምላክ የሚቀርብ ምግብ ሳይቀርብ በፊት አይቀመስም። ልጆቹም ጾመኞች ስለሆኑ አይቀምሱም። ስለዚህ በዚያ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ጨው የሚያይ ምላስ የለም፤ ማንኪያ ነው የሚያየው።

ለ6 ሰው 2 ኪሎ ድንች ከነልጣጩ ቀቅዪ። ኮምቦልቻ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ከባሕር ጠረፍ የተጻፈ የምግብ መመሪያ ከሚለው ደቂቃ በላይ ይፈጅብሻል፤ ደሴ ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በሰዓት ሳይሆን በቢላ ጫፍ እዪው። ሳይቀዘቅዝ ከቆረጥሽው ይፈርሳል። 3 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ አግለሽ 2 የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን ጨምሪ፤ ሽታው ሲወጣ፣ ሳይጠቁር፣ ዝንጅብሉንና ፍሬው የወጣ 3 ቃሪያ፣ ቀጥሎ ድንቹን፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በመጨረሻ 1 ብርጭቆ ተቆልቶ የተከካ ኦቾሎኒ። ሎሚው ከእሳት ከወረደ በኋላ።

መጥበሻና ድስቱ ሥጋና እንቁላል ያልነካው ይሁን። አዲስ መግዛት ካልተቻለ ብረቱን በአመድና በፈላ ውሃ ፈትጉት። የእንጨት ማማሰያና መክተፊያ ግን ሽታ ስለሚይዝ አዲስ ያስፈልጋል፤ ዋጋውም አይከብድም።

የቶሳ ጥላ

እንጀራ ለምን ይከለከላል? ጤፍ እኮ በሕንድ የጾም ክልከላ ውስጥ ስሙ የለም። ስንዴና ሩዝ ነው የሚከለከለው። ጤፍ እንጀራ ብታቀርብላቸው ምንም አይደለም።

ቅመም ተራ

ስሙ አለመጠራቱ አይፈታውም፤ ጤፍ እህል ነው። በሕንድ ለጾም የሚፈቀዱት ኩቱ የሚባለው ፍሬ (ባክዊት)፣ የአማራንት ፍሬና ሳማክ የሚባለው ደቃቅ ፍሬ ናቸው። ሳማክ ራሱ የሣር ዘር ሆኖ ሳለ በልማድ ተፈቅዷል፣ እውነት ነው። ልማዱን የሚያወጡት ግን እነሱ ናቸው እንጂ እኛ በማመሳሰል የምንጨምርላቸው አይደለም። ሳይጠይቁ ማቅረብ ልክ አይመጣም።

ይልቅ መጠየቅ የሚገባው ቡላ ነው። ከእንሰት የሚወጣ ስታርች እንጂ እህልም ጥራጥሬም አይደለም፤ እነሱ ጋ ከካሳቫ ስታርች ከሚሠራው ሳቡዳና ጋር በባሕርይ ይቀራረባል። "እህል ያልሆነ የተክል ስታርች ነው" ብለሽ አስረጂያቸውና እሺ ካሉ ለ1 ሊትር ወተት 3 የሾርባ ማንኪያ ቡላ በቀዝቃዛ ወተት አስቀድመሽ በጥብጠሽ፣ የቀረው ወተት ሲፈላ እያማሰልሽ ጨምሪው። ደረቁን ዱቄት ፈላ ወተት ላይ ከነሰነስሽው ይቋጥራል፣ ከዚያ በኋላ አይፈታም። ስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት ቡላ ገበያ ላይ ስላለ ካላመንሽው አትግዢ፤ እዚህ ላይ ጉዳቱ የጣዕም ብቻ አይደለም።

ሳቡዳና ራሳቸው ይዘው ከመጡ፦ ውሃው እስኪጠራ ደጋግመሽ እጠቢ፣ እንክብሎቹን ለጥቂት በሚሸፍን ውሃ ብቻ 5 ሰዓት ያህል ዘፍዝፊ። በጣት ሲጫን ሙሉ በሙሉ ከላላ ደርሷል፤ መሃሉ ጠጣር ነጥብ ካለው ጥቂት ውሃ ረጭተሽ ቆዪ። ውሃ ከበዛ መጥበሻ ላይ ሙጫ ይሆናል።

ሐረጎ አፋፍ

ምግቡ ተብራርቷል፤ እኔ ሰዓቱንና ሥርዓቱን ልጻፍ።

ሺቫራትሪ የሚውለው ጨረቃ ልትጠፋ አንድ ቀን ሲቀራት፣ በጨለማው አጋማሽ 14ኛ ቀን ነው። በየወሩ አለ፤ "ማሃ" የሚባለው ታላቁ ግን በዓመት አንዴ ነው። ቁም ነገሩ ሌሊቱ ነው። ከፀሐይ ግባት እስከ ፀሐይ መውጫ ያለው ጊዜ ፕራሃር በሚባሉ 4 እኩል ክፍሎች ይከፈላል፣ በእያንዳንዱም አንድ የአምልኮ ዙር አለ። ሰዓቱ የሚሰላው በቦታው ፀሐይ ስለሆነ ከሕንድ የተላከ የሰዓት ዝርዝር እዚህ አይሠራም። ለኮምቦልቻ በዚያ ቀን በግምት እንዲህ ይሆናል (በእኛ አቆጣጠር፣ ጥቂት ደቂቃ ወዲህ ወዲያ)፦

1ኛ፦ ከምሽቱ 12:31 እስከ 3:31
2ኛ፦ ከ3:31 እስከ ሌሊቱ 6:32
3ኛ፦ ከ6:32 እስከ 9:33
4ኛ፦ ከ9:33 እስከ ጠዋቱ 12:33

ተራራው ፀሐይዋን ቀድሞ ቢጋርዳትም ስሌቱ በአድማስ ነው፤ ጥላ ስላጠላ አትጀምሩ።

ወተትና ማሩ ለመጠጥ ብቻ የተፈለገ አይመስለኝም። በየዙሩ በሺቫ ሊንጋ (የሺቫ ምልክት በሆነው ድንጋይ) ላይ የሚፈስ ነው፤ ሥርዓቱ አቢሼክ ይባላል። በተለመደው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ወተት፣ ቀጥሎ እርጎ፣ በ3ኛው ቅቤ፣ በ4ኛው ማር፤ በየመሃሉ ንጹሕ ውሃ። አንዳንዱ ቤት አራቱን ከስኳር ጋር ደባልቆ ፓንቻምሪት አድርጎ በየዙሩ ያፈስሳል። ለትንሽ ሊንጋ ግማሽ ሊትር ወተት፣ ሩብ ሊትር እርጎ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ቅቤና ያንኑ ያህል ማር ይበቃል። የሚጠጣውን ለይተሽ አስቀምጪ፤ ከአንድ ዕቃ አይቀዳም።

እዚህ አካባቢ የሚያጋጥመው ችግር ብርድ ነው። 3ኛው ዙር እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ስለሆነ ቅቤው ረግቶ አይፈስም፣ ነጩ የወሎ ማርም ረግቶ ነው የሚመጣው። ሁለቱንም ከዙሩ ግማሽ ሰዓት በፊት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከነዕቃቸው አስቀምጪ፤ እሳት ላይ አይውጡ። ቅቤ ከፈሰሰ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ቢጨመርበት ድንጋዩ ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፣ ስለዚህ ለ3ኛው ዙር ለብ ያለ ውሃ በቴርሞስ ይቅረብ። ወተቱን በመዳብ ዕቃ አታቅርቢ፤ በልማዳቸው መዳብ ለውሃ ነው፣ ለወተት አይዝጌ ብረት ወይም ነሐስ። እርጎው ደግሞ በወይራ ያልታጠነ ዕቃ የረጋ ይሁን። ክልከላ ኖሮት ሳይሆን የጭሱን ጣዕም ያልለመደ አይወደውም።

አዳራሹን ስታዘጋጁ፦ ሊንጋው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ዝቅ ያለ፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳፋ፣ የሊንጋው መፍሰሻ አፍ ወደ ሰሜን። ከግድግዳ ጋር አታጣብቁት። ሲዞሩት መፍሰሻውን አይሻገሩም፤ እዚያ ሲደርሱ በመጡበት ይመለሳሉ፣ ስለዚህ በሦስት ጎን የሰው ማለፊያ ይተው።

አበባ ነጭ ይሁን። በዋናነት የሚቀርበው ባለ ሦስት ቅጠሉ ቢልቫ ነው፤ እዚህ ስለማይገኝ ደረቁን ይዘው ይመጣሉ፣ አጥበውም ደግመው ያቀርቡታል፣ ስለዚህ ጠዋት ስታጸዱ ቆሻሻ ነው ብላችሁ እንዳትጥሉት። ለማሳመር ብላችሁ በሶብላ አትጎዝጉዙ፤ የእሱ ዘመድ የሆነው ቱልሲ ለሺቫ አይቀርብም። እርድና ኩምኩም የሚባለው ቀይ ዱቄትም ሊንጋው ላይ አይደረግም።

ከሌሊቱ 6:08 እስከ 6:56 ያለው ኒሺታ የሚባለው ነው፤ የሌሊቱ ክቡር ሰዓት። በዚያን ጊዜ በር አይከፈት፣ ዕቃ አይነሣ፣ ጄኔሬተር የሚቀየር ከሆነም ቀድሞ ይቀየር። ቡናና ወተት በ5:30 አካባቢ ወይም ከ7:15 በኋላ ይቅረብ። ከዙር ዙር ባለው ጊዜ መዝሙር ይዘምራሉ፣ 108 ፍሬ ባለው መቁጠሪያ "ኦም ናማ ሺቫያ" ይደግማሉ፤ ወንበርም ምንጣፍም አስቀምጡ፣ ጀርባ ያለው ወንበር ግን በ3ኛው ዙር እንቅልፍ ይጠራል።

ገላ መታጠቢያ ውሃ አትርሺ። ጠዋትና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይታጠባሉ፣ አንዳንዱ ከየዙሩ በፊት ይደግማል። መብራት ወይም ውሃ ቢጠፋ በጀሪካን የተያዘ 100 ሊትርና የሚሞቅበት መላ ይኑር።

ነርስ ከሆጤ

ውሃ ለማይጠጡት 2 ሰዎች፦ ከቅዳሜ ንጋት እስከ እሑድ ንጋት 24 ሰዓት ነው፣ የኮምቦልቻ ቀን ደግሞ ይሞቃል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ እንዳይወጡ፣ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ በደንብ እንዲጠጡ ንገሪያቸው። ከተቀመጡበት ሲነሡ ማዞር፣ የሽንት መጥቆር፣ የልብ ምት መፍጠን ከታየ ውሃ ይጠጡ። ግራ መጋባት ወይም ራስን መሳት ከመጣ ሆስፒታል ነው።

የስኳር መድኃኒት በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ። መድኃኒት በራስ ማቆም የለም። በሃይማኖታቸው ፍራፍሬና ወተት እየወሰዱ መጾም የተለመደ ስለሆነ ለታመመ ሰው መንገዱ ክፍት ነው።

ጾሙ የሚፈታው እሑድ ከጠዋቱ 12:33 በኋላ፣ ታጥበውና ጸሎት አድርገው ነው። መጀመሪያ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከዚያ ሙዝ ወይም ፓፓያ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለስላሳ ሩዝ በእርጎ። እህል በዚያን ጊዜ ተፈቅዷል። ቃሪያና ጥብስ ባዶ ሆድ ላይ አታውርዱ።

አንድም ሰው ከቁርስ በኋላ ወደ ደሴ መኪና እንዳይነዳ። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው የሐረጎን ጠመዝማዛ መንዳት የለበትም፤ ሾፌር ይያዝ ወይም ቢያንስ እስከ ከሰዓት ይተኙ።

ቦርከና ማዶ (ጠያቂ)

አላህ ይስጣችሁ፣ ከሽሮ ጉድ አወጣችሁኝ። ጤፉንም ቡላውንም ጠይቄያቸው ነበር፤ ጤፍ አይሆንም፣ ቡላ ይሆናል ብለዋል። ሮዙን ጨው ራሳቸው ያመጣሉ። ሦስት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ እሾሃማ ፍሬ ያለው ነጭ አበባ መንገድ ዳር አይተው ልጆቹን ልቀሙልን አሉ፤ አስተናግር ነው የሚመስለኝ። ሁለተኛ፣ ለብርዱ ከሰል ላስገባ? ሦስተኛ፣ የልጆቹ ፈረቃ።

ሐረጎ አፋፍ

አስተናግሩ እውነት ነው፤ ዳቱራ ለሺቫ ይቀርባል። በአፈ ታሪካቸው ሺቫ ከባሕር የወጣውን መርዝ ዓለምን ለማዳን ጠጥቶ ጉሮሮው ሰማያዊ ሆኗል፣ የመርዝ ተክል መቅረቡም ከዚያ ጋር ይያያዛል። ግን ፍሬውም ቅጠሉም ዘሩም አደገኛ መርዝ ነው። ወጥ ቤት በር እንዳያልፍ። በጓንት ተለቅሞ በተለየ ሳህን በቀጥታ አዳራሽ ይግባ፤ የነካው እጅ ዓይን እንዳይነካ። ከሚበላ ፍራፍሬ ጋር በአንድ ትሪ አይቀመጥ፣ ምክንያቱም ጠዋት ፍራፍሬው በረከት ተብሎ ሲታደል ሰው ሳያይ ሊያነሣው ይችላል። በሕንድ በዚያ ሌሊት አንዳንዱ ሰው የሚጠጣው ባንግ ከካናቢስ የሚሠራ ነው፤ እዚህ አገር በሕግ ክልክል ስለሆነ ከጠየቁ ይህንኑ ንገሪያቸው፣ አይከራከሩሽም።

ከሰል ዝግ አዳራሽ ውስጥ አይገባም። 8 ሰው ተቀምጦ ሌሊቱን ሙሉ መስኮት ዘግቶ ማደር ሽታ የሌለው ጋዝ ነው የሚጋብዘው። የከሰሉ ጋዝ የሚያመጣው መፍዘዝም በሰዓቱ እንቅልፍ ስለሚመስል ማንም አያስተውለው። ጋቢና ብርድ ልብስ አቅርቢ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለሽ እሱን። የቅቤ መብራቱ ግን የግድ ነው፤ ክሩን ከንጹሕ ጥጥ በቀጭኑ ፍተሉት፣ ሲወፍር ይጨሳል። ከመጋረጃ ራቅ፣ ከሥሩ አሸዋ ያለበት ሳህን።

ቅመም ተራ

ስለ ፈረቃው፦ አፍጥርና 1ኛው ዙር በተመሳሳይ ጊዜ ነው የሚወድቁት። ልጆቹን 12:31 ላይ ወተት አምጡ ብትያቸው ቴምራቸው እጃቸው ላይ ይቀራል። ስለዚህ የ1ኛው ዙር ዕቃ ሁሉ እስከ 12:00 አዳራሽ ገብቶ ይለቅ፣ ከ12:15 እስከ 1:30 ማንም አይጠራ። ድንቹ ቀን ተቀቅሎ ይቆይና መጥበሱ 1:45 ላይ ይጀመር፤ የሚበሉትም ከ1ኛው ዙር አምልኮ በኋላ ነው። ተራዊህ የሚሄዱትን ከ2:00 በፊት ልቀቂ። ረመዳን ወደ ማለቂያው ስለሆነ ሌሊት መስጊድ የሚያድር ይኖራል፤ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ላለው አንድ ሰው ብቻ ይበቃል፣ ሥራው ማርና ቅቤ ማሞቅ፣ ቴርሞስ መሙላትና ጥበቃው በር ላይ እንዳይተኛ ማየት ነው። ሱሑር የሚሠራው ሰው በ9 ሰዓት ስለሚነሣ 4ኛውን ዙር እሱ ይረከባል።

ማጉያ እንዳያስገቡ ብቻ ቀድመሽ ተነጋገሪ። ቅዳሜ ማታ ሰፈሩም አይተኛም፤ ሙስሊሙ በሌሊት ሶላት፣ ክርስቲያኑ ደግሞ ሰኞ የካቲት 29 ዐቢይ ጾም ስለሚገባ በቅበላ ላይ ነው። በእጅ ከበሮና በጭብጨባ ቢዘምሩ ከግቢ አይወጣም።

የቶሳ ጥላ

የጤፉን ተቀብያለሁ። ሳፋ ውስጥ የተጠራቀመው ወተትና ማር ግን የት ይደፋል? ሽንት ቤት ከሆነ ቅር ይላቸዋል።

ሐረጎ አፋፍ

ሽንት ቤትም ቦይም አይሆንም፤ የሰው እግር የማይረግጠው ዛፍ ሥር ነው። ከወተቱ ጥቂት ቀንሰው ለበረከት ይቀምሱ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ዳቱራ የነካው ከሆነ ግን አይቀመስም። የቀረውን በ3 እጥፍ ውሃ አቅጥናችሁ ለተለያዩ ዛፎች አካፍሉት። ቅቤው ሳይቀላቀል የተንሳፈፈ ከሆነ ቀድማችሁ ግፈፉት፣ አፈሩን ይደፍነዋል፣ ጉንዳንና ውሻም ይጠራል። አበባውን ከነላስቲኩ ቦርከና ወንዝ ላይ እንዳይጥሉት፤ ክሩንና ላስቲኩን ለይታችሁ አበባውን ጓሮ ቅበሩት።